የደምቢያን ድርጭት ከጃፓኗ ጋር በአንድ ቤት ማኖር ይገባል?

ከአዘዞ፣ ጎንደር፦ ጤና ይስጥልኝ። ጓሮዬ 60 የጃፓን ድርጭት አሉኝ፤ ሁሉም ከአንድ አርቢ ከገዛሁት እንቁላል የወጡ ናቸው። ሦስተኛው ትውልድ ላይ እግሩ የተንሻፈፈ ጫጩት በዛብኝ፤ ሳይፈለፈል የሚቀረውም እንቁላል ጨመረ። የአክስቴ ልጅ ከደምቢያ ማሳ በወጥመድ የያዛቸውን ሦስት ወንድ ድርጭቶች አምጥቶልኛል። ደም እንዲያድሱልኝ ከሴቶቹ ጋር ልቀላቅላቸው ወይስ ይቅር?

ከማራኪ፦ ቀላቅላቸው እንጂ ወንድሜ! ሁለቱ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ይዳቀላሉ፣ ክልሳቸውም እንደ በቅሎ መካን አይሆንም። ቦብዋይት የምትባለዋን የአሜሪካ ድርጭት ብትል ኖሮ አልመክርህም ነበር። እሷ ቤተሰቧም ሌላ ነው፤ የጃፓኗ እንቁላል በ17 ወይም በ18 ቀን ሲፈለፈል የእሷ እስከ 23 ይቆያል።

ከፒያሳ፦ መዳቀላቸውን ማን ካደ? የሚያስፈራኝ እሱ ራሱ ነው። የጃፓኗ በሰው እጅ ብዙ ዘመን ኖራ እንቁላሏን መታቀፍ ረስታለች። የዱሯ ግን ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ከአውሮፓ የምትመጣው ደግሞ ባሕርና በረሃ አቋርጣ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለአደን የተለቀቁ የጃፓን ድርጭቶች ከዱሮቹ ተዳቅለው የዱሩን ዘር ማበላሸታቸው ያሳሰባቸው ብዙ ናቸው። አንድ ክልስ ከጓሮህ ቢያመልጥ ደምቢያ ሩቅ አይደለም። ደግሞስ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ እያለ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማጥመድ ምን ይባላል?

ከቅዳሜ ገበያ፦ ልጄ፣ እኔ የምኖረው እንቁላል ሸጬ ነው። የዱሯ የምትጥለው ወቅቷን ጠብቃ ነው። የእኔዎቹ በሰባት ሳምንታቸው ጀምረው ዓመቱን ሙሉ ይጥሉልኛል። ይህን ለምን ታበላሻለህ?

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ ስለ በሽታውም እናስብ። ከሜዳ የመጣ ወፍ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስና የአንጀት ቁስል ይዞ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ በኩሱ ግን ቤቱን ሁሉ ይበክላል። ወንዶቹም ይዋጋሉ፣ ዓይን ይጓጉጣሉ፤ ለአንድ ወንድ ሦስት ወይም አራት ሴት ያስፈልጋል። የዱሩ ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚፈናጠር ጣሪያው ላይ ራሱን ይሰብራል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ጫጩቶቹን ምን ላይ ነው የምታሳድጋቸው?

ከአዘዞ፦ ጋዜጣ ላይ።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ እግራቸው የሚንሻፈፈው በሚያዳልጥ ወለል ሊሆን ይችላል። ሻካራ ጨርቅ አንጥፍላቸው፤ መኖው ቫይታሚን እንዳያንሰውም እይ። እንቁላሉ ያለመፈልፈሉን በተመለከተ የዘመድ መዋለድ እውነትም ይጎዳል፤ ከሌላ ከተማ አርቢ ጋር ወንድ በወንድ ተለዋወጥ።

ከማራኪ፦ ሌላ ከተማ ያለውም የገዛው ከዚያው ሰው ቢሆንስ? እኔ አሁንም አልተስማማሁም። ድሃ አርቢ አዲስ ደም ከየት ያምጣ?

ከፒያሳ፦ ይህ ጥያቄህ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ወጥመድ አይደለም። ባሕር ዳር ያሉትን አርቢዎች መጀመሪያ የገዙት ከማን እንደሆነ እንጠይቃቸው። እኔ ነገ እደውላለሁ።

ከአዘዞ፦ እትዬ፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስቱ ወደ ማሳቸው ይመለሳሉ።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ ቆይ፣ ከአንተዎቹ ጋር በአንድ ቤት አድረዋል? የእርባታ በሽታ ይዘው ማሳ ቢገቡም ጥፋት ነው።

ከአዘዞ፦ የለም፤ ሁለት ሌሊት ማጀት ውስጥ፣ እንቅብ ተደፍቶባቸው ነው ያደሩት። ውኃውም እህሉም የብቻቸው ነው።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ እንግዲያው በማለዳ ይሂዱ። እንቅቡን እጠበውና ፀሐይ ላይ አስጣው፤ እጅህን ሳትታጠብም ወደ ጫጩቶቹ አትግባ።