የእኩልታ መልስ ለምን «ሩት» ተባለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። አንዲት ተማሪዬ «ስኩዌር ሩት ራሱን በራሱ ሲያባዙት የተሰጠውን ቁጥር የሚያስገኝ ከሆነ፣ የማንኛውንም እኩልታ መልስ ለምን ሩት እንለዋለን?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃሉ «ሥር» ማለት መሆኑን ነገርኋት እንጂ ሁለቱ አጠራሮች የሚገናኙበትን ማስረዳት አልቻልሁም። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የመጀመሪያ መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ሊመሰገን የሚገባው ጥያቄ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አል-ኸዋሪዝሚ፣ ዛሬ ኤክስ የምንለውን ያልታወቀ ቁጥር «ጂዝር» ማለትም ሥር፣ ካሬውን ደግሞ «ማል» ማለትም ሀብት ይለው ነበር። የሒሳብ ምልክት ስላልነበረው ሁሉን በቃላት ይጽፍ ነበር፤ እጅግ የታወቀው ምሳሌው «አንድ ማልና 10 ሥሮች 39 ዲርሃም ይሆናሉ» የሚል ነው (ዲርሃም የገንዘብ ስም ነው፤ እዚህ ግን ተራ ቁጥርን ያመለክታል)። ሥሩ 3 ነው፤ 9 እና 30 ሲደመሩ 39 ይሆናሉና። እንግዲህ 3 የ9 ስኩዌር ሩትም፣ የእኩልታው መልስም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። መጽሐፉ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ ወደ ላቲን ሲተረጎም «ጂዝር» «ራዲክስ» ማለትም ሥር ተባለ፤ የእንግሊዝኛው «ሩት» ይህንኑ ትርጉም ይዞ ቀጠለ፤ ስሙም ለሌሎች እኩልታዎች መልስ ሁሉ ተረፈ።

ሁለተኛ መልስ፦ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ታሪኩን ከዐረብኛ ብቻ ባይጀምሩት መልካም ነው። ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ አሪያብሃታ እ.ኤ.አ. በ499 በጻፈው ሥራ ስኩዌር ሩትን «ቫርጋ ሙላ» ብሎታል፤ «ሙላ» በሳንስክሪት ሥር ነው። ግሪኮች ግን ቁጥሩን የካሬ «ጎን» ብለው ያዩት ነበር።

ሦስተኛ መልስ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ «ሥር» ማለት «ከታች» ማለትም ስለሆነ፣ ከስኩዌር ሩት ምልክቱ ሥር የተጻፈውን ቁጥር ራሱን ሥር አድርገው የሚረዱ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ሥሩ 3 ከ9 የሚበቅል ሳይሆን 9 የሚበቅልበት መሆኑን አስቀድመው ቢያስረዱ ይጠቅማል።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም በዚያው ምሳሌ ኔጌቲቭ 13ም መልስ ነው፤ 169 ላይ 130 ሲቀነስ 39 ይቀራልና። አል-ኸዋሪዝሚ እሱን ለምን አልጠቀሰውም?

የመጀመሪያው መላሽ፦ ማረጋገጫው በሥዕል ስለሆነ ነው። ጎኑ ሥሩን የሚያክል ካሬ ይሥላል፤ 10 ሥሮቹን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ጎኖቹ ላይ ያስጠጋል፤ በጥጉ የጎደለውን 25 ሲሞላ 39 ወደ 64 ያድጋል። የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው፤ 5 ሲቀነስ 3 ይቀራል። በዚህ ሥዕል ሥሩ የጎን ርዝመት ነው፤ ርዝመት ደግሞ ከዜሮ በታች አይሆንም።