ቫልሃላን ልጨርሰው ወይስ ልተወው? ስለ አሳሲንስ ክሪድ ያደረብኝ ቅሬታ

ጠያቂ፦ ባለ ደብተሩ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

አሳሲንስ ክሪድ የተባለውን የቪዲዮ ጌም ተከታታይ የተዋወቅሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሒሳብ በሰዓት በሚከፈልበት አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። የተጫወትሁትም በ2009 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል ነበር። እዚያ የሚመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ኳስ ስለሚጫወቱ ወንበሬን የሚሻማኝ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ሰዓቱ በገንዘብ የሚለካ በመሆኑ እያንዳንዷን ደቂቃ አስቤ ነበር የምጠቀምባት። በኢጣሊያ ከተሞች ሕንፃዎች ላይ የተሰወሩትን ሃያ ምልክቶች እየፈለግሁ፣ ያልፈታሁትን እንቆቅልሽ በደብተር ገልብጬ ቤቴ ወስጄ እያሰላሰልሁ፣ በማግስቱ መልሱን ይዤ እመለስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የ2007ቱን የመጀመሪያ ክፍል ፈልጌ አገኘሁ። ታሪኩ በ1191፣ በሦስተኛው የመስቀል ጦርነት ዘመን፣ በደማስቆ፣ በአኮና በኢየሩሳሌም ይካሄዳል። (ኢየሩሳሌምን መሳለም የዕድሜ ልክ ምኞታቸው የነበረ አያት ላሳደጉት ሰው፣ በስክሪንም ቢሆን በዚያች ከተማ ጎዳናዎች መመላለስ ቀላል ነገር አልነበረም።) የአሳሲኖች፣ ማለትም የነፍሰ ገዳዮች ማኅበር አባል የሆነው ባለታሪኩ አልታይር ዘጠኝ ሰዎችን እንዲገድል ይታዘዛል፤ ነገር ግን ማንንም ከመንካቱ በፊት ከተማው ውስጥ ገብቶ ማጥናት አለበት። አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሰው ወሬ ያዳምጣል፣ ከመንገደኛ ኪስ ደብዳቤ ይሰርቃል፣ አደባባይ ላይ የሚለፍፈውን ሰው ተከትሎ ጥግ ሲደርስ ይይዘዋል። በቂ ነገር ሲያውቅ ብቻ ወደ ማኅበሩ ቤት ሄዶ የደረሰበትን ያስረዳል፤ ኃላፊውም አምኖበት ነጭ ላባ ይሰጠዋል። ሥራው ተፈጸመ የሚባለው ያ ላባ በሟቹ ደም ተነክሮ ሲመለስ ነው። ስለዚህ አልታይር ከጣሪያ ላይ ሆኖ ሰውየውን በሚያይበት ሰዓት እኔም ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ጠባቂዎቹ የት እንደሚቆሙ፣ ለማምለጥ የትኛው ጎዳና እንደሚሻል ተረድቻለሁ። ስውሩ ስለት ከእጅጌው የሚወጣባት ቅጽበት የምታስደነግጠው ከዚህ ሁሉ ጥናት በኋላ ስለምትመጣ ነበር።

አሁን በእጄ ያለው በ2020 የወጣው ቫልሃላ ነው። ስልሳ ሰዓት ያህል ተጫውቼዋለሁ፤ የእንግሊዝን ካርታ ግን ገና አላጋመስሁትም። ባለታሪኩ ቫይኪንግ ኤቮር ወደ አንድ ግዛት ይሄዳል፣ ከአንድ ሹም ጋር ይወዳጃል፣ የሹሙን ጠላት ምሽግ ሰብሮ ይገባል፣ ሹሙም የወዳጅነት ቃል ይሰጠዋል። ከዚያ ወደ መንደሩ ወደ ሬቨንስቶርፕ ተመልሶ ካርታው አጠገብ ለምትቆመው ለራንድቪ ይነግራታል፤ እርሷም የሚቀጥለውን ግዛት ታሳየዋለች። ይህ ዙር ከመደጋገሙ የተነሣ የሹሞቹ ስም ሁሉ ይምታታብኝ ጀምሯል። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ካርታው ራሱ ነው። በየግዛቱ ላይ፣ እዚያ ለመግባት ባለታሪኩ ሊኖረው የሚገባው የኃይል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሉንደን 90 ይላል፣ ሃምተንሺር 340 ይላል፤ ስለዚህ አገሩን ከማየቴ በፊት ቁጥሩን አያለሁ። ከፍ ያለ ቦታ ወጥቼ ዙሪያዬን ስቃኝ ደግሞ ሜዳውና ጫካው በቢጫ፣ በሰማያዊና በነጭ ነጥቦች ይሞላል፤ ቢጫው ሀብት፣ ሰማያዊው ምስጢር፣ ነጩ ቅርስ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮኛል። ፍሎረንስ ላይ በዓይኔ አስሼ አገኘው የነበረውን ነገር እዚህ ካርታው ቆጥሮ ያስረክበኛል፤ ለእኔ የቀረልኝ ሄዶ ማንሣት ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ጌሙን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ የኖርዌይን በረዶና የእንግሊዝን ወንዞች የሠሩት ባለሙያዎች ድንቅ ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን ከዐሥር ዓመት በላይ የተከተልሁት ነገር ከእጄ የወጣ መስሎ ይሰማኛል። ቫልሃላን እስከ መጨረሻው መግፋት ይጠቅመኛል? በእናንተ አስተያየትስ መንገዱ የተለወጠው ከየትኛው ክፍል ጀምሮ ነው? ከቫልሃላ በኋላ የወጡትን ሚራዥንና ሻዶውስን የተጫወታችሁ ብትነግሩኝ ውለታ አደርገዋለሁ።

መልስ 1፦ የኖትርዳሙ

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የብዙዎቻችንን ስሜት ነው የገለጽከው። እኔ ግን ቫልሃላ የመጣው ነገሩ ከተበላሸ ከዓመታት በኋላ ነው የሚል እምነት አለኝ።

ከ2009 እስከ 2015 ድረስ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ትልቅ ክፍል ይወጣ እንደነበረ አስታውስ። በጥቅምት 2012 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ላይ የዘመናችን ታሪክ ባለቤት የነበረው፣ የጥንት አያቶቹን ትዝታ በማሽን የሚያየው ዴዝሞንድ ይሞታል፤ በታሪኩ ውስጥ ቀኑ ታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ነው። ምልክቶቹን በደብተር የጻፍክበት ምክንያት የዴዝሞንድ ምስጢር አልነበረም? እርሱ ከሞተ በኋላ የዘመናችን ክፍል በየጌሙ ጥቂት ደቂቃ የሚነካካ ተቀጥላ ሆነ፤ የተለያዩትን ዘመናት የሚያያይዘውም ገመድ ላላ።

በእኔ ግምት ትልቁ ኪሳራ የደረሰው ግን በ2014፣ ፓሪስ ውስጥ በሚካሄደው ክፍል በዩኒቲ ላይ ነው። ያ ጌም ሲወጣ በስሕተት የተሞላ ነበር፤ ፊታቸው ጠፍቶ ዓይንና ጥርስ ብቻ የቀረላቸው ሰዎች ምስል ዓለምን ያዳረሰው ያኔ ነው። አሳታሚው ኩባንያ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ተጨማሪውን ክፍል በነፃ እስከ መስጠት ደርሷል። ነገር ግን ስሕተቶቹ ከታረሙ በኋላ ተረጋግቶ የተጫወተው ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። የኖትርዳም ካቴድራል ውስጥ ያለውን የመጀመሪያውን ትልቅ ግድያ ልንገርህ። ጌሙ ካቴድራሉን ከሩቅ ያሳይሃል፤ ቁልፍ የያዘ ሰው አለ፣ ሊረዳህ የሚችል ሰው አለ፣ ዒላማህም ከመናዘዣው አጠገብ ቀጠሮ አለው ይልሃል፤ የቀረውን ለአንተ ይተወዋል። በጣሪያ ልትገባ ትችላለህ፣ ቁልፉን ሰርቀህ በመስኮት ልትገባ ትችላለህ፣ መናዘዣው ውስጥ ተቀምጠህ ዒላማው ራሱ እስኪመጣልህ ልትጠብቅ ትችላለህ። እኔ ያንን ሰው ከመግደሌ በፊት አንድ ሙሉ ምሽት ሕንፃውን ስዞር አሳልፌአለሁ፤ አንድም ጠባቂ አልነካሁም። አልታይር ሲያደርገው የነበረው ጥናት ሳይደጋገም፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣው እዚያ ነው።

ሰው የተቆጣው ጌሙ ሳያልቅ ለገበያ በመቅረቡ ነበር፤ የተጣለው ግን ሐሳቡ ነው። ከ2015ቱ ሲንዲኬት በኋላ እንዲህ ያለው የግድያ አሠራር ለዓመታት ወደ ዳር ተገፋ፤ በምትኩ ስፋት መጣ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ዩኒቲን ዛሬ ብትገዛው በርካሽ ታገኘዋለህ፤ ከቫልሃላ ቀሪ ሰዓቶች ይልቅ እርሱን እመርጥልሃለሁ።

መልስ 2፦ የዓባይ ልጅ

ከላይ ከተጻፈው ከፊሉን እስማማበታለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች ሚዛናቸው እንዲስተካከል እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ክፍል ጥናት በ2007 ጊዜም ብዙ ሰው አሰልቺ ነው ብሎ የተቸው ነው። ያው ማዳመጥ፣ ያው ኪስ መግባት ዘጠኝ ጊዜ ይደገማል። ጠያቂው ወንድማችን በቫልሃላ የሚያማርሩበት ዙር ከዚያ የተለየ የሚሆነው በርዝመቱ ብቻ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው በሃያ ሰዓት ውስጥ ስለሚያልቅ ድግግሞሹን እንችለው ነበር።

ሁለተኛ፣ በ2016 አንድ ዓመት ዐርፈው በ2017 ያወጡት፣ በጥንታዊት ግብፅ የሚካሄደው ኦሪጅንስ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ባለታሪኩ ባየክ ልጁን ያጣ አባት ነው፤ ኀዘኑም የታሪኩ መነሻ ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ በየመንገዱ ከሕፃናት ጋር ሲነጋገር ድምፁ ላይ ይሰማል። ከዓባይ መነሻ አገር ለሆነ ሰው ደግሞ ወንዙ ግብፅ ሲደርስ ሸምበቆው፣ ጀልባው፣ በዳርቻው የሚዘራው እርሻ እንዴት እንደተሣለ ማየት የተለየ ስሜት ይሰጣል። በ2018 ውጊያ የሌለበት፣ ለትምህርት የሚሆን የጉብኝት ክፍል ጨምረውለታል፤ እኔም ከታናሽ ወንድሜ ጋር ፒራሚዶቹን ያየሁት በእርሱ ነው።

ይሁን እንጂ የኦሪጅንስን ጥፋት አልሸፋፍንም። ከጀርባው ተጠግተህ በስውሩ ስለት የወጋኸው ሰው፣ ደረጃው ከአንተ በጣም ስለሚበልጥ ብቻ ሳይሞት ዞሮ የሚዋጋህ እዚያ ላይ ነው የተጀመረው። በዓመቱ የመጣው ኦዲሲ ይህን አባሰው፤ ስውሩ ስለት ራሱ ቀርቶ በስፓርታው ንጉሥ በሊዮኒዳስ የእጅ ጦር ተተካ፤ ግሪክም ከመጠን በላይ ሰፋች። ልቤን ያሻከረው ግን ስፋቱ አይደለም። ሙሉ ዋጋ በተከፈለበት ጌም ውስጥ፣ ደረጃ የሚያሳድገውን የልምድ ነጥብ በ50 ከመቶ የሚያፋጥን ነገር በተጨማሪ ገንዘብ ይሸጥ ነበር። ፍጥነት የሚሸጥ ከሆነ፣ ታሪኩን ለመቀጠል ደረጃ እስክጨምር ያባከንኳቸው ሰዓቶች ለምን እንደተቀመጡ መጠየቄ አይቀርም። ተከታታዩ ላይ የነበረኝ እምነት የተጎዳው ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

መልስ 3፦ ከዱባይ

እኔ ቫልሃላን ጨርሼዋለሁ፤ ስለዚህ ወደ ተግባሩ ልግባ። ከመተውዎ በፊት ቅንብሩን ይለውጡ። የግድያ ምት ሁልጊዜ እንዲሳካ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እርሱን ያብሩት። የአሰሳውን ደረጃ መረጃ በጣም ወደሚቀንሰው ያዙሩት፤ ኮምፓሱንም ከስክሪኑ ላይ ያጥፉት። ቢጫና ነጭ ነጥቦችን መልቀም ይተዉ፤ ሰማያዊዎቹ ግን አንዳንዶቹ አጫጭርና ልብ የሚነኩ ታሪኮች ስለሆኑ በመንገድዎ ላይ ካገኟቸው አይለፏቸው። ዋናውን ታሪክ በተመለከተ ኤቮር እንደ ወንድሙ ከሚያየው ከሲጉርድና የማኅበሩ አባል ከሆነው ከባሲም ጋር የሚያያዙትን ክፍሎች ያስቀድሙ። መደምደሚያው ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ታሪክ ጋር በእርግጥ ይገናኛል፤ የዴዝሞንድን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ያ ቦታ ድካሙን ይክሳል።

ሚራዥ በ2023 የወጣ ሲሆን፣ በዘጠነኛው መቶ ዘመን ባግዳድ የሚካሄድ የባሲም ታሪክ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለቫልሃላ ተጨማሪ ክፍል እንዲሆን ስለነበረ አጭር ነው፤ እኔ ሃያ ሰዓት ሳይሞላኝ ጨርሼዋለሁ። ምርመራው ተመልሷል፣ የማኅበሩ ቤቶች ተመልሰዋል፣ ከተማውም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ድክመቱ የሩጫውና የመውጣጫው አካሄድ ከቫልሃላ የተወረሰ በመሆኑ መክበዱ፣ እንዲሁም መጨረሻው የተቻኮለ መምሰሉ ነው። እዚህ ስኖር ዐረብኛ ስለለመድኩ ድምፁን በዐረብኛ አድርጌ ተጫውቼዋለሁ፤ የገበያውን ጫጫታ በዚያ ቋንቋ መስማት ከተማዋን ሕያው አድርጎልኛል።

ሻዶውስ በመጋቢት 2025 ነው የወጣው። ናኦዌና ያስኬ የሚባሉ ሁለት ባለታሪኮች አሉት፤ ያስኬ በእውነተኛው የጃፓን ታሪክ የጦር መሪውን ኦዳ ኖቡናጋን ያገለገለ አፍሪካዊ ነው። በናኦዌ ሲጫወቱ መብራት አጥፍተው በጨለማ መደበቅ፣ መሬት ላይ ተኝተው በሣር ውስጥ መሳብ ይችላሉ፤ ማማ ላይ መውጣትም እንደ ቀድሞው የአካባቢውን ምስጢር ሁሉ አይዘረግፍም። ሰፊነቱና የዒላማዎቹ ብዛት ግን እንዳለ ነው፤ ከቫልሃላ የሰለቸ ሰው ወዲያው እንዲጀምረው አልመክርም።

ባለ ደብተሩ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዓባይ ልጅ ስለ ድግግሞሹ ያነሡት ሐሳብ አሳስቦኛል፤ ርዝመቱ ለውጥ እንዳመጣ እቀበላለሁ። ነገር ግን አንድ ልዩነት ይቀራል ብዬ አምናለሁ፤ የአልታይር ድግግሞሽ ስለምገድለው ሰው አንድ ነገር ያሳውቀኝ ነበር፣ የቫልሃላው ግን ቁጥሬን ብቻ ነው የሚጨምርልኝ።

ትናንት ማታ ከዱባይ እንደተመከርሁት ኮምፓሱን አጥፍቼ ሉንደን ገባሁ። የምፈልገውን ሰው ለማግኘት በፈራረሱት የሮማውያን ግንቦች መካከል ለረጅም ጊዜ ተንከራተትሁ፤ ሁለት ጊዜም መንገድ ስቼ ወደ ወንዙ ዳር ተመለስሁ። ብዙ ወር ካለፈ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የከተማውን ቅርጽ በጭንቅላቴ ይዤ ነው የተኛሁት። የሲጉርድን ታሪክ እስከ መጨረሻው ከተከታተልሁ በኋላ ቫልሃላን እዘጋዋለሁ። ዩኒቲንም አዝዣለሁ፤ የኖትርዳሙን መናዘዣ ስደርስበት በምን መንገድ እንደገባሁ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።