ደሴ ላይ ያለ ማፕ መንቀሳቀስ አቃተኝ፣ እናንተ እንዴት ለመዳችሁት?

ሰላም ደሴዎች፣ ከአዳማ ለስራ ከመጣሁ 3 ወሬ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎግል ማፕ ከፍቼ ሰማያዊዋን መስመር እያየሁ ነው የምሄደው፣ እደርሳለሁ ግን በየት እንደደረስኩ አላውቅም። ባለፈው ማታ ፒያሳ ላይ ባትሪዬ አለቀ፣ ባጃጅ አስቁሜ ልጁ "ሰፈርሽ የት ነው?" ሲለኝ መልስ አጣሁ፣ ማፑ ላይ "ቤት" ብዬ ሴቭ አድርጌው የሰፈሬን ስም አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም! ሱቅ ገብቼ ቻርጅ ለምኜ ነው ቤቴ የገባሁት። በጣም ነው የደነገጥኩት። ማፑን ልተወው ወይስ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጦሳ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ። ደሴ እንደ አዳማ ሜዳ አይደለችም፣ እዚህ ሰው ሲጠቁምሽ በላይ በታች እያለ ነው፣ "ከመስጊዱ ከፍ ብለሽ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብለሽ" ይልሻል። የጦሳን ተራራ ያዢ፣ ጦሳ በምዕራብ ነው ፊትሽን ወደሱ ካዞርሽ ሰሜን በቀኝሽ ነው፣ ከኮምቦልቻ የሚመጣው አስፋልት ደግሞ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ሐይቅ ይወጣል። ሁለቱን ከያዝሽ ወላሂ አትጠፊም።

ሸዋበር፦
በበጋ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ሐምሌ ላይ ጉሙ ሲወርድ ግን ጦሳ የት ይታያል? ለሴት ልጅ ደግሞ በማታ ያገኘችውን ሁሉ መጠየቅ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ተይው አልልሽም። ካርታውን ኦፍላይን አውርጂው፣ ጂፒኤሱ ከሳተላይት ስለሆነ ዳታ ባይኖርም ይሰራል። መንገዱ አልያዝሽ ያለው ግን ያንቺ ችግር አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ላይ የተሰራ ጥናት አንብቤ ነበር፣ ሰው መንገዱን ራሱ ሲፈልግ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአእምሮ ክፍል በደንብ ይሰራል፣ የማፕ ትእዛዝ ሲከተል ግን እንደዛ አይነቃም ይላል። ስትሄጂ ክፈቺው፣ ስትመለሺ ዝጊው።

ባለባጃጁ፦
ተሳፋሪ ስልኩን ሲያሳየኝ ነጥቧን አያታለሁ፣ የሚገባኝ ግን ስሙን ሲነግረኝ ነው። ሆጤ በይኝ፣ ቧንቧ ውሃ በይኝ፣ ሰኞ ገበያ በይኝ፣ አደርስሻለሁ። ማፑ መንገድ ነው ያለው ደግሞ አንዳንዴ ባጃጅ የማይወጣው የእግር ዳገት ሆኖ ይገኛል። ኦፕንስትሪትማፕ የሚባል ነጻ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ማንም አካውንት ከፍቶ የሰፈር ስም ማስገባት ይችላል፣ ጀማው እንተባበርና እንጻፈው፣ እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ከስራ ስወጣ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ፣ ሁለቴ ጠየኩ፣ አንዷ እናት እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኙኝ። ከቤቴ 3 በር ላይ ወፍጮ ቤት አለ ለካ፣ 3 ወር ሙሉ አላየሁትም።