ሕጎቼን ሳልጥል ፍሬም እንዴት ላስገባ?

የሱሉልታዋ፦
ሰላም ናችሁ? እማዬ ሱሉልታ አራት ዲቃላ ላሞች አሏት። ለእሷ ብዬ የላም በሽታ የሚለይ ኤክስፐርት ሲስተም (እንደ ባለሙያ የሚመረምር ፕሮግራም) ክሊፕስ በሚባል የሕግ መጻፊያ ቋንቋ እየሠራሁ 130 ሕግ ደርሻለሁ። ሁሉም "እንዲህ ከሆነ እንዲህ ነው" የሚሉ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ቦራ ወለደች። በማግስቱ ተኝታ አልነሳ አለች። ሙቀቷን ለካሁና አስገባሁ፤ 37.4። ፕሮግራሙ "ትኩሳት የለም፣ ጤነኛ ናት" አለኝ። እማዬ ጆሮዋን ዳሰስ አደረገችና "በረዶ ሆኗል፣ ሐኪም ጥሪ!" አለች። ሐኪሙ ካልሲየም በደም ሥሯ ሰጣት፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ቆመች። በጣም ነው የደነገጥኩት።

አሁን እያንዳንዱ ሕግ ላይ "በቅርብ ከወለደች" እያልኩ ልጨምር? ማለቂያ የለውም። ወይስ ሁሉን ትቼ በፍሬም ልጀምር?

ኮዳሚ፦
እህቴ፣ እንኳን ተረፈችላችሁ። ሕጎችሽን አትጣያቸው። ፍሬም ማርቪን ሚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ስለ አንድ ነገር የምንጠብቀውን በአንድ ቦታ ይይዛል። "ላም" የሚል ፍሬም ሥሪ። "አራስ ላም" ከእሱ ትውረስ፤ የሚለየውን ብቻ ቀይሪ። ከዚያ የካልሲየሙን ሕግ አራስ ላም ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርጊው። ክሊፕስ ውስጥ ፍሬሞቹን የምትጽፊበት ኩል የሚባል የኦብጀክት ቋንቋ አለ፤ ሕጎችሽ በቀጥታ ያነቡታል።

ጃኒስ አይኪንስ እ.ኤ.አ. በ1980 ስታንፎርድ ውስጥ ሴንታውር በሚባል ፕሮግራሟ ያደረገችው ይህንኑ ነው። በሕግ ብቻ የተጻፈ የሳንባ ምርመራ ፕሮግራም ወሰደች። ሕጎቹን እያንዳንዱን በሽታ በሚወክል ፍሬም ሥር አሰባሰበቻቸው። የትኛው ሕግ መቼ እንደሚሠራ ያኔ ግልጽ ሆነ።

ደብረ ዘይት፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን አቃጥሎኛል። ዲፎልት፣ ማለትም መረጃ ሲጎድል ፍሬሙ ራሱ የሚሞላው ግምት፣ የተለካ ቁጥር አይደለም! ሙቀት ሳይለካ ፍሬሙ 38.6 ብሎ ከሞላው ሕጉ አምኖት "ትኩሳት የለም" ይላል። ያልተለካውን ባዶ ተዪው፤ ሕጉ ሲፈልገው ብቻ ተጠቃሚውን እንዲጠይቅ ስሎቱ (በፍሬሙ ውስጥ የአንዱ መረጃ ቦታ) ላይ ትንሽ ፕሮሲጀር እሰሪበት።

የሱሉልታዋ፦
ተባረኩ። ሌሊቱን ሠራሁት። "ጤነኛ ናት" የሚለውን ሕግ አጠፋሁት፤ ትኩሳት አለመኖሩ ብቻ ያን ለማለት አያበቃም። "ጆሮ" የሚል ስሎትም ገባ። ላሟ አራስ ከሆነች ፕሮግራሙ "ጆሮዋ ቀዝቅዟል?" ብሎ ይጠይቃል።

ለእማዬ ሳሳያት "ሌሊት አመስኩታለች ወይ ብሎስ አይጠይቅም?" አለችኝ። ዛሬ ማታ እሱን እጨምራለሁ።