ሞቲቬሽን ሌተሬ የማንም ሰው መሰለብኝ፤ ምን ላድርግ?

የወሎ ውኃ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ለጀርመኑ ዳአድ (የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት) ኢፖስ ለሚባለው፣ የሥራ ልምድ ላላቸው የታዳጊ አገር ባለሙያዎች ለሚሰጠው የማስተርስ ስኮላርሺፕ ልወዳደር ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ውኃ ምህንድስና ተምሬ ላለፉት አራት ዓመታት በአንድ ወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት እየሠራሁ ነው። መማር የምፈልገው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ሌላው ዶክመንት ተሟልቷል፤ ለምን መማር እንደምፈልግ የማስረዳበት ደብዳቤ (ሞቲቬሽን ሌተሩ) ግን ሦስት ሳምንት አሰቃየኝ። መግቢያው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ለውኃ ልዩ ፍቅር አለኝ። ውኃ ሕይወት ነው። ሀገሬ የአፍሪካ የውኃ ማማ ብትባልም ሕዝቧ በጥም ይሠቃያል። ከስመ ጥር ዩኒቨርሲቲያችሁ በማገኘው ዕውቀት ሀገሬን ለማገልገል ቆርጬ ተነሥቻለሁ።»

ለጓደኛዬ ሳነብላት «የእኔም እኮ እንዲሁ ነው የሚለው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ አልንቀሳቀስ አለ። ደግሞ ውጤቴ 3.1 ነው። ላብራራው ወይስ ዝም ልበል?

የጣና ልጅ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ያገኘሁት በሦስተኛው ሙከራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሁን ሳያቸው ስለ ዓባይና ስለ ልጅነቴ እንጂ ስለ ሥራዬ አንድ መስመር የለባቸውም። ኢፖስ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቀው ሠርቶ የቸገረውን ሰው ስለሚፈልግ ነው። ደብዳቤውን ለጊዜው ተይው። ይልቅ ይህን ንገሪን፦ በአራት ዓመት ውስጥ ሥራሽ ላይ ምን አቃተሽ?

የወሎ ውኃ

አንድ ጉድጓድ አለ። የእጅ ፓምፕ ነው፣ ኢንዲያ ማርክ 2። ከተተከለ በኋላ ውኃው ቀይ ሆነ። ልብስ ያቀላል፣ ቡናውን ቀለም ያስመስለዋል። ሴቶቹ ትተውት አርባ ደቂቃ ወደሚያስኬደው ምንጭ ተመለሱ። ናሙና ልከን «ብረቱ በዝቷል» ተባልን። ከየት እንደመጣ የነገረን የለም። አንድ ቀን እዚያ ቀበሌ አድሬ በጠዋት ሄድኩ። መጀመሪያ የወጣው ውኃ ቀይ ነበር። ከዋሽኮው (የመንደሩ የውኃ ኮሚቴ) ገንዘብ ያዥ ጋር እየተፈራረቅን ቀዳን፣ ቀዳን። ሃያኛው ጀሪካን አካባቢ ጠራ። ብረቱ ከዓለቱ ሳይሆን ከቱቦው ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ግን የማረጋግጥበት ዕውቀቱም መሣሪያውም አልነበረኝም። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ጉድጓዱ «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ ተመዘገበ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መምህሩ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን እኮ ጻፍሽው! ለብዙ ዓመታት የድኅረ ምረቃ አመልካቾችን ማመልከቻ አንብቤያለሁ። «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚል መግቢያ ስናይ ዓይናችን ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ይዘላል። ሃያኛውን ጀሪካን ያነበበ ሰው ግን ቀጥሎ ምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

ጥርጣሬሽም ትክክለኛ ነው። አሲድነት ያለው ውኃ የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ቱቦን ይበላል፤ ሌሊቱን ቱቦው ውስጥ የተኛው ውኃ ብረት ይዞ ያድራል። ሲቀዳ ቆይቶ ከጠራ ምክንያቱ ቱቦው ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ከዓለቱ ቢሆን ኖሮ ብዙ ከተቀዳም በኋላ ብረቱ አይቀንስም ነበር። አንቺ ይህን ያገኘሽው በዓይንሽ ነው። እሱን ጻፊ። ከዚያ የማታውቂውን በግልጽ አስቀምጪ፤ የውኃውን ኬሚስትሪ እንዴት እንደሚመረምሩ፣ የትኛው ጉድጓድ ላይ የትኛው ቱቦ እንደሚሻል። ከዚያ የኮርሱን ዝርዝር ክፈቺና ይህን የሚያስተምረውን ትምህርት በስሙ ጥሪው። «ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲያችሁ» የሚለውን ደምስሺ። ስመ ጥር መሆናቸውን ያውቁታል።

ስትመለሺ ስለምትሠሪውም እንዲሁ። «ሀገሬን አገለግላለሁ» ማለት አይበቃም። ወረዳሽ ውስጥ በቀይ ውኃ የተተዉ ስንት ጉድጓዶች አሉ? ቁጥሩን ከመዝገብ አውጪ። ተመልሰሽ መጀመሪያ የምትሄጂው ወደ የትኞቹ ነው?

ከድሬ

ስለ ውጤቱ፦ እኔ ብሆን ዝም ነበር የምለው። ትራንስክሪፕቱን ያዩታል፤ በሁለት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ለይቅርታ የሚሆን ቦታ የለም።

የጣና ልጅ

ድሬ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። አንድ ሴሚስተር ብቻ ወርዶ ከሆነና ምክንያት ካለው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሁሉም ተመሳሳይ ከሆነ ግን አዎ፣ ይታለፍ።

የወሎ ውኃ

ሁለተኛ ዓመት ላይ እናቴ ታማ አንድ ሴሚስተር ወርዶብኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባለሁ። ሌላም አለ። አለቃዬን የድጋፍ ደብዳቤ ብጠይቀው «አንቺው ጻፊና ልፈርምልሽ» አለኝ።

ከድሬ

ይሄ የሁላችንም ጣጣ ነው። ራስሽ ከጻፍሽው ከሞቲቬሽን ሌተሩ ጋር መንታ ይሆናል፤ አንባቢው ወዲያው ይለየዋል። ግማሽ ሰዓት ለምኚውና ቡና ላይ ተቀመጡ። «ስለኔ ሥራ የሚያስታውሱት ምንድን ነው?» በይው። ያለውን ጻፊ፣ ሰጥተሽው በእንግሊዝኛ ራሱ ይጨርሰው። የመሥሪያ ቤቱ ራስጌ ያለበት ወረቀት፣ ማኅተም፣ ፊርማና የቅርብ ቀን የግድ ነው። ስትመለሺ ወደ ሥራሽ እንደሚቀበሉሽ አንድ መስመር ቢጨምርልሽ ደግሞ በጣም ይጠቅምሻል።

አዲስ ተመራቂ

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። በክፍያ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፣ ለሱ ብሰጥስ?

መምህሩ

አይሆንም፣ ልጄ። ጸሐፊው ያንተን ጀሪካን አልቀዳም። ለአስር ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይሸጣል፤ አስሩም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። እንግሊዝኛውን የሚያርምልህ ወዳጅ መፈለግ ግን ነውር የለውም።

የወሎ ውኃ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንደ አዲስ ጻፍኩት። መግቢያው አሁን እንዲህ ይላል፦

«በ2016 የተተከለው ፓምፕ ጠዋት ጠዋት ቀይ ውኃ ያወጣል። ከሃያ ጀሪካን በኋላ ይጠራል። ለምን እንደሆነ ገምቻለሁ፤ ማረጋገጥ ግን አልቻልኩም። ያመለከትኩት ማረጋገጥ ስለምፈልግ ነው።»

የተተከለበትን ዓመት ለገንዘብ ያዧ ደውዬ ነው ያገኘሁት። በ2009 ነው አለችኝ፤ ወደ ፈረንጅ ቀየርኩት።

መምህሩ

በጣም ጥሩ ነው። ዓመቱን ግን እንደገና አረጋግጪ። የእኛ 2009 በፈረንጅ ሁለት ዓመት ይነካል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ከሆነ 2016 ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ 2017። ወሩን ጠይቂያት። ደብዳቤው ላይም ቀን መጻፍና በእጅሽ መፈረም እንዳትረሺ።

የወሎ ውኃ

ጠየቅኳት። ከፋሲካ በኋላ ነው የተተከለው አለችኝ። 2017 ብዬ አስተካክዬዋለሁ።