ፍሬኔ ይጮኻል፣ ፔዳሉም ዝቅ ብሏል፤ የአባይን በረሃ ልውረድ?

ጠያቂ፦ የማርቆስ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። መኪናዬ ያገለገለች ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ። ፍሬን ስይዝ ከፊት በግራ በኩል ሲጢጥ ትላለች። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፣ አሁን ቀኑን ሙሉ ሆኗል። ትናንት ደግሞ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነው የያዘልኝ። የፍሬን ዘይቱም ከታችኛው መስመር ሊደርስ ነው። እሑድ እናቴን ለሕክምና አዲስ አበባ ማድረስ አለብኝ። ጎረቤቴ «ዘይት ጨምሪና ሂጂ» ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ መካኒኩ
እህቴ፣ ዘይት ብቻ ጨምረሽ እንዳትወርጂ። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠልም። ከቀነሰ ወይ ሸራው (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ የሚይዘው) አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሸራው ሲሳሳ እሱን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ዘይቱም ተከትሎት ስለሚሄድ መያዣው ላይ ይጎድላል። በላዩ ብትሞዪበት ምልክቱን ደበቅሽው እንጂ ምንም አልጠገንሽም።

ጠዋት ብቻ የሚጮህ ፍሬን ብዙ አያሳስብም። ሌሊት ዲስኩ ላይ የያዘው ስስ ዝገት ነው፣ በተለይ ክረምት ላይ። ሁለት ሦስቴ ሲያዝ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ማለቁን የምታስታውቀው ትንሽ ብረት ዲስኩን እየነካች ነው። ድምፁ ወደ መፋጨት ከተለወጠ ብረት ከብረት ገጥሟል፤ ያኔ ዲስኩም ቶርኖ ቤት ይገባል ወይ ይጣላል።

መሪውን ወደ አንድ ጎን አዙሪና በስልክሽ መብራት በቸርኬው ቀዳዳ ተመልከቺ። ብረቱ ላይ የተለጠፈው ጥቁሩ ነው ሸራ የሚባለው። አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሲደርስ ይቀየራል። በቀዳዳው የምታዪው የውጭኛውን ብቻ ነው። የውስጠኛው ቀድሞ ሲያልቅ ብዙ ስላየሁ ጎማው ይፈታልሽ።

መልስ፦ ዳሞት
እኔ እንዲህ እየጮኸች ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ጋራዥ ገብቶ በትንሹ የወጣ ሰው አላየሁም 😀

መልስ፦ መካኒኩ
ወንድሜ ዳሞት፣ ያ መንገድና በረሃው አንድ ናቸው እንዴ? ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠገበ 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። እግርህ ወለሉ ላይ ይቀራል። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው አንዱ ይኼ ነው፤ የተበጠሰ ነገር የለም። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ዓይነቱ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባበት፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል።

መልስ፦ ጋሼ አይሱዙ
ልጄ፣ ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርጂው። ስትመለሺ ደግሞ ከጎሃ ጽዮን በኩል ያው ነው። ፍሬኑ ደህና ሆኖም አነዳዱ ካልተስተካከለ ያቃጥለዋል። ነዳጅ ልቆጥብ ብለሽ ፎሌ (ማርሽ ሳይገባ መልቀቅ) አታድርጊ፤ እሱን የሚያደርግ ሹፌር ሳይ ደሜ ይፈላል። ማርሹን ከ«ዲ» አውርደሽ «ኤል» ወይም «ቢ» ላይ አድርጊ፣ ሞተሩ ይያዝልሽ። ፍሬኑን እየነካሽ አትውረጂ። ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቂ። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ጥግ ይዘሽ ቁሚና ራሱ ይብረድ። ውኃ እንዳትደፊበት፣ የጋለ ዲስክ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

መልስ፦ ከዳንግላ
አንድ ልጨምር። ሞተሩን አስነስተሽ፣ ቆመሽ ፔዳሉን ረግጠሽ ያዢው። ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይ ማስተሩ (ስትረግጪ ዘይቱን የሚገፋው) ውስጡን ያሳልፋል ወይ ውጭ ይፈሳል። ደጋግመሽ ስትረግጪ ከፍ ከፍ ካለ አየር ገብቷል፣ ወይም የኋላው የታምቡር ሸራ ርቋል። እንደ ድንጋይ ከደረቀ ፔዳሉን የሚያቀልልሽን ሰርቮ ይዩልሽ። ወደ አንድ ጎን ከጎተተሽ አንዱ ካሊፐር (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) በደንብ አይሠራም፤ ከዚያ በፊት ግን የጎማውን ነፋስ አስለኪ።

ጠያቂ፦ የማርቆስ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ አስፈታሁት። የግራው የውስጠኛ ሸራ ብረቱ ሊደርስ ነበር፣ የውጭኛው ግን ገና ነው! ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ተጣብቋል። ልጁ የግራውን ብቻ ልቀይር ሲል «ሁለቱንም ጎን» አልኩት። ፒኑን አጽድቶ ቀባው። የኋላውም ርቆ ስለነበር አስተካከለው፣ ዘይቱንም ቀየረ፣ ፔዳሉ ከፍ ብሏል። የሚያፈስ ነገር አልተገኘም። እሑድ ልሂድ?

መልስ፦ መካኒኩ
ጥሩ ነው፣ ጎን ለጎን አብሮ ነው የሚቀየረው። አዲስ ሸራ ግን ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። ቅዳሜ እስከ ሉማሜ ነድተሽ ተመለሺ፤ መንገዱ ጭር ሲል ከመካከለኛ ፍጥነት ለስለስ አድርገሽ እየያዝሽ። ስትመለሺ የዘይቱን መስመር እዪ።

መልስ፦ ጋሼ አይሱዙ
እሑድም ደጀን ላይ ቁሚ። እጅሽን ሳትነኪ ወደ ፊት ቸርኬዎቹ አስጠጊ። የግራው ከቀኙ በጣም ከጋለ ያ ፒን አሁንም ይዟል ማለት ነው። በረሃው ውስጥ አትግቢ፣ እናትሽን በአውቶቡስ ላኪያቸው።