እስስት ላሳድግ ወይስ ይቅርብኝ?

እስኪ የምታውቁ ምከሩኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ድመትም ውሻም አሳድጌ አላውቅም፤ ልቤ ያረፈው ግን እስስት ላይ ነው። እናቴ «ይህን አውሬ ካስገባህ እኔ እወጣለሁ» ብላለች። እሷን ቀስ ብዬ አሳምናታለሁ፤ የጨነቀኝ ሌላ ነው።

የሚበላው በሕይወት ያሉ ነፍሳትን ነው። በክረምት ፌንጣ ሞልቷል፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅስ? ውኃም የሚልሰው ቅጠል ላይ ያለውን ጠብታ ነው። እሱ ቀላል ነው፣ ጠዋት ማታ እረጭለታለሁ። ከባዱ ብርሃኑ ነው። ቤት ውስጥ ከዋለ የፀሐይን አልትራቫዮሌት የሚተካ ልዩ አምፖል ይፈልጋል፤ ያለዚያ አጥንቱ ይለሰልሳል። መስታወት ጨረሩን ስለሚያግድ መስኮት ዳር ማስቀመጥም አይበቃም። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ያው እንደምታውቁት ነው፣ ብልጭ ድርግም። ታዲያ በወንፊት ሽቦ ቤት ሠርቼለት ቀን ቀን ግቢ ባውለው ይበቃዋል? ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሌሊቱን ብርድስ ይችለዋል?

መነካካት አይወድም፤ እሱ ቅር አላለኝም፣ ማየቱ ይበቃኛል። የዱር እንስሳ ይዞ ለማሳደግ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እዚህ ጎጃም ውስጥ ያወጣ ሰው ካለ ከየት እንደጀመረ ይንገረኝ። ወይስ አጥር ላይ ያለውን እዛው እያየሁ ልቀመጥ?